መጋረጃው የት ይቁም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገላን ውስጥ የበርና የመስኮት ፍሬም በሚያመርት ድርጅት የጥገና ኃላፊ ነኝ። በአየር የሚሠራ ፍሪሲዮን ያለው ባለ 80 ቶን ፕሬስ አለን። አምና የአንድ ኦፕሬተር ጣት ከተጎዳ በኋላ ድርጅቱ የብርሃን መጋረጃ፣ ማለትም እጅ ጨረሩን ሲያቋርጥ አይቶ ማሽኑን የሚያስቆም መሣሪያ፣ ገዛ። የገጠመልን ባለሙያ ከሻጋታው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆመው። እጅ ሲገባ ማሽኑ ይቆማል፣ ሁላችንም አይተናል። እኔ ግን በጣም የቀረበ መስሎኝ ልቤ አልረጋም። ኦፕሬተሮቹ “ከዚህ ካራቃችሁት ወገባችን ይቆረጣል” ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችንም “እያቆመ ምን ጎደለው?” ነው የሚሉኝ። ትክክለኛው ርቀት ስንት ነው? መጋረጃው ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፏል፤ መልስ መስጫ ጊዜው 15 ሚሊ ሰከንድ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ አለመርጋቱ ትክክል ነው። እስቲ መልሼ ልጠይቅህ። በዚያ ሙከራ ላይ እጁን ያስገባው ማን ነበር? ገጣሚው ራሱ ይመስለኛል፤ ተሰብስባችሁ እያያችሁት፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ኦፕሬተር ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ላሜራዋ ተጣማ ስትቀመጥበት እንደዚያ አያስገባም። ይመነትፋታል።

የርቀቱ ነገር የሚጀምረው ከዚህች ምንተፋ ነው። አይ.ኤስ.ኦ 13855 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የእጅን ፍጥነት በሰከንድ 2000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሜትር አድርጎ ይወስደዋል። የእጁን ፍጥነት ማሽኑ እስኪቆም በሚፈጀው ጊዜ ታባዛለህ። በላዩ ላይ መጋረጃው ሳያየው ጣት ሾልኮ ሊገባ የሚችልበትን ርዝመት ትጨምራለህ። የሚወጣው ቁጥር መጋረጃው ከአደገኛው ቦታ ሊኖረው የሚገባው ትንሹ ርቀት ነው።

ከጭማሪው እንጀምር። 30 ሚሊ ሜትር የሚለው ጽሑፍ የመጋረጃው የማየት አቅም ነው። ከዚያ የቀጠነ ነገር በጨረሮቹ መካከል ሊያልፍ ይችላል፤ ጣት ደግሞ ከዚያ ይቀጥናል። ደረጃው ይህን የሚያሰላው እንዲህ ነው፦ ከ30 ላይ 14 ቀንስ፣ የቀረውን በ8 አባዛ። 128 ሚሊ ሜትር ይመጣልሃል።

አሁን ያንተን 15 ሴንቲ ሜትር ውሰድ። ከ150 ላይ 128 ሲቀነስ የሚቀረው 22 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ሜትር ፍጥነት የሚሄድ እጅ ይህቺን በ11 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳታል። መጋረጃህ ደግሞ “አየሁ” ለማለት ብቻ 15 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። እንግዲህ ጣቱ ሻጋታው ጋ ሲደርስ መጋረጃው አፉን እንኳ አልከፈተም፤ ፍሬኑም ገና ምንም አልሰማም።

በደብዳቤህ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር አጣሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠውን። ፕሬስህ እንዲቆም ከታዘዘ በኋላ መዶሻው፣ ማለትም የላይ ሻጋታውን ይዞ የሚወርደው ክፍል፣ ፈጽሞ እስኪቆም ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይህን ሳታውቅ ርቀት መጠየቅ ክብደቱን ሳትነግረው ሐኪምን ስንት ክኒን ልስጠው እንደማለት ነው። ለስሌቱ እንዲመቸን 190 ሚሊ ሰከንድ እንበል። የመጋረጃውን 15 ጨምርበት፤ በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የደህንነት ሪሌም (የመጋረጃውን ምልክት ተቀብሎ ማሽኑን የሚያስቆመው) 15 ይፈጃል እንበል። በድምሩ 220 ሚሊ ሰከንድ፣ ወይም 0.22 ሰከንድ ሆነ። ይህ በ2000 ሲባዛ 440፣ ከ128 ጋር ሲደመር 568 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ደረጃው ትንሽ ጠማማ መንገድ አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ውጤቱ ከ500 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍጥነቱን ወደ 1600 ዝቅ አድርገህ እንደገና እንድታሰላ ይፈቅድልሃል። እንሞክር፦ 352 ሲደመር 128፣ 480 ሚሊ ሜትር። ደስ ብሎህ 480 ላይ ቡሎን ልታስር ስትል ደረጃው እጅህን ይይዝሃል፤ በ1600 ያሰላኸው ርቀት ከ500 ማነስ አይችልም። ስለዚህ የዚህ ፕሬስ መጋረጃ የሚቆመው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሜትሩን የምትዘረጋው ከማሽኑ አካል እንዳይሆን፤ ለኦፕሬተሩ ከሁሉም ከሚቀርበው የሻጋታው መቆንጠጫ ነጥብ ነው። ሰፊ ሻጋታ በተገጠመ ቁጥር ያ ነጥብ ወደ ሰውየው ይጠጋል። ሻጋታ ሲቀየር ርቀት የሚለካ ፋብሪካ ግን ብዙ አላየሁም።

190 ያልኩህን ቁጥር ከእኔ ወስደህ እንዳትጠቀምበት። ከማሽኑ መጽሐፍም እንዳትወስድ። ለምን እንደምልህ ላጫውትህ።

በ1996 ዓ.ም. ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ባለ 63 ቶን ፕሬስ ላይ መጋረጃ ገጠምኩ። ከተግባረ ዕድ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሙያውን እንደጨረስኩት አስብ ነበር። መጽሐፉ የመቆሚያው ጊዜ 120 ሚሊ ሰከንድ ነው ይላል። መጋረጃው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ስለነበር ጭማሪ የለውም። 30 ሚሊ ሰከንድ ለመጋረጃውና ለሪሌው ደመርኩ፤ 150 በ2000፣ 300 ሚሊ ሜትር። በሠላሳ ሴንቲ ሜትር አቆምኩት፣ ፈረምኩ፣ ቡና ተጋበዝኩ። በወረቀት ላይ አንድም ስሕተት የለበትም።

ዓመት ከምናምን ቆይቶ ጠሩኝ። አንዲት ልጅ የጓንቷ ጫፍ ሻጋታው ውስጥ ቀርቶባታል። ጣቷ ለጥቂት ነው የዳነው። መጋረጃው ይሠራል፣ ሪሌው ይሠራል። መለኪያ መሣሪያ ተከራይተን የማቆሚያውን ጊዜ ብንለካው 230 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ዓይነት ፕሬስ ፍሬን የሚይዘው በስፕሪንግ ነው፤ አየር ደግሞ ይለቀዋል። ስለዚህ ፍሬኑ እንዲይዝ አየሩ ቶሎ መውጣት አለበት። አየሩ የሚወጣባት ትንሿ ማርሚታ በዘይትና በአቧራ ተደፍና አየሩን እያፈነችው ነበር። አወጣናት፣ በነጭ ጋዝ ታጠበች፣ ጊዜው ወረደ። በ230ው ሚሊ ሰከንድ ግን መጋረጃው መቆም የነበረበት ግማሽ ሜትር ላይ ነበር፤ እኔ ያቆምኩት በሠላሳ ላይ። የልጅቷ ጓንት ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ፈርሜ አላውቅም።

ስለዚህ ለካ። ለዚህ ሥራ የተሠራ የማቆሚያ ጊዜ መለኪያ አለ፤ መዶሻው ላይ ይታሰርና ትእዛዙ ከተሰጠበት ቅጽበት ጀምሮ ይቆጥራል። ቢያንስ አሥር ጊዜ መለካት አለብህ፤ መዶሻው ወደ ታች በመውረድ ላይ ሳለና ፍጥነቱ ከፍተኛ በሆነበት በጉዞው አጋማሽ ላይ፣ ከባዱ የላይ ሻጋታ ተገጥሞ፣ ማሽኑ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሞቆ ሳለ። ጠዋት በቀዝቃዛው የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። የአሥሩን አማካይ ብቻ እንዳትወስድ፤ ደረጃው ከፍተኛውን፣ ወይም በአማካዩ ላይ የልኬቶቹ መለያየት ታስቦ ሲጨመር የሚገኘው ቁጥር ከበለጠ እርሱን እንድትወስድ ያዝዛል።

መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ እጅህን አጣጥፈህ እንዳትቀመጥ። ዘገምተኛ ምስል የሚቀርጽ ስልክ የያዘ ልጅ በክፍልህ አይጠፋም። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ከሆነ እያንዳንዱ ምስል ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። የአየር ቫልቩ ሶኬት ላይ ያለችው ትንሽ መብራትና መዶሻው አብረው እንዲታዩ አድርገህ ቅረጽ፤ በረጅም ዱላ መጋረጃውን ስበር፤ መብራቷ ከጠፋችበት ምስል መዶሻው ፈጽሞ እስከቆመበት ምስል ድረስ ቁጠር። 46 ምስል ከመጣ ወደ 190 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ የሚፈረምበት ልኬት አይደለም። ነገር ግን 15 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ቀልድ እንደሆነ ለሥራ አስኪያጅህ ለማሳየት ይበቃል።

ካልበቃ ደግሞ ካሮት አለ። በአንድ ሜትር ተኩል ዱላ ጫፍ ላይ ወፍራም ካሮት እሰርና መዶሻው እየወረደ ሳለ እጅህ ከመጋረጃው ውጭ እንደሆነ በፍጥነት ወርውረህ አስገባው። ካሮቱ ከተበላ ክርክሩ ያልቃል። ካሮቱ ደኅና ከወጣ ግን ምንም እንዳላረጋገጥህ እወቅ፤ እጅህ ያን ቀን ሰንፎ ሊሆን ይችላል።

የኦፕሬተሮቹን ወገብ በተመለከተ፣ ሰዎቹ እየዋሹ አይደለም። ግማሽ ሜትር እየዘረጉ ቀኑን ሙሉ መሥራት ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ መጋረጃውን ለማታለል መንገድ ይፈልጋል። ወደ ሻጋታው መጠጋት ከተፈለገ የሚያጥረው ጊዜው ነው። ፍሬኑን አድሰህ፣ ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራ ቀይረህ፣ ቫልቩን አጽድተህ 190ው ወደ 120 ከወረደ ጠቅላላው 150 ይሆናል፤ ርቀቱም በዚሁ መጋረጃ 428 ሚሊ ሜትር። መጋረጃውን ወደ ባለ 14 ብትለውጠው 300 ይበቃሃል። ለግዢ ክፍሉ የሚጻፈው ደብዳቤ ይህ ነው። በተረፈ ላሜራዋን በጉጠት ወይም በሚንሸራተት መሳቢያ ማስገባት ቢቻል እጁ ድሮም እዚያ ምን ይሠራል?

መጋረጃውን ስታርቀው ሌላ ቀዳዳ ይከፈትብሃል። በመጋረጃውና በጠረጴዛው መካከል ቀጭን ሰው ቆሞ መጋረጃው ላያየው ይችላል። በማሽኑና በመጋረጃው መካከል ሰው ሊገባበት የሚችል ክፍተት ከ75 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወይ ተዳፋት ላሜራ በይድና ሰው እንዳይቆምበት አድርግ፣ ወይ በአግድም ተጨማሪ ጨረር አስገባ። ጎኑንና ከላዩን በወንፊት ሽቦ ዝጋ። ዳግም ማስነሻው ቁልፍ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ በማሽኑ በኩል ያለ ሰው እጅ ሊደርስበት አይገባም፤ የሚጫነው ሰውም ሙሉ ማሽኑን ማየት አለበት። የመጋረጃው ሁለት መውጫዎች ወደ አንድ ኮንታክተር (የማሽኑን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ተጠቃለው ከሆነ ለብቻው ደብዳቤ ያስፈልገዋልና ሥዕሉን ላክልኝ።

ለሥራ አስኪያጅህ የምትነግራቸው ነገር ካስፈለገ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። መጋረጃ መግዛት ግዴታውን ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም፤ የቆመበት ቦታ ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ምናለሽ ተራ ውስጥ የበር ማጠፊያ የምቆርጥባት አሮጌ ፕሬስ አለችኝ። በእግር ፔዳል ነው የምትሠራው፤ ቮላኖዋ (ከባዱ መሽከርከሪያ ጎማዋ) ሁልጊዜ ይዞራል፣ ፔዳሉን ስረግጠው በቁልፍ ትያያዛለች። ልጄ የብርሃን መጋረጃ እንግዛላት ይለኛል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ይገዛ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ይቅር። ልጅዎ ስላሰበልዎ ያመስግኑት እንጂ ገንዘቡን ያስቀምጡ። የእርስዎ ማሽን አንዴ ቁልፉ ከተያያዘ ሙሉ ዙሯን ሳትጨርስ አትቆምም። መጋረጃው “እጅ አለ” ብሎ ቢጮህ የሚሰማው ፍሬን የለም። በአሜሪካ የፕሬስ ደንብ እንዲህ ባለ ሙሉ ዙር ፍሪሲዮን ባለው ማሽን ላይ መጋረጃ ለዚህ ጥበቃ መጠቀም ክልክል ነው፤ ስሌቱም አይሠራም፤ ምክንያቱም የሚባዛው ጊዜ የለም።

ለእርስዎ የሚሻለው ርካሽ ነው። የሻጋታውን አፍ ላሜራዋ ብቻ እንድትገባበት ያጥቡት፤ ክፍተቱ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ዙሪያውን በያጅ ያሠሩ፤ የሚፈታውም ያለ መፍቻ እንዳይሆን። ፔዳሉ ላይ ደግሞ ከላይ የሚሸፍን ቆርቆሮ ያድርጉበት፤ የወደቀ መዶሻ ሲረግጥልዎት አይቼ አላውቅም አይበሉ።

ጥያቄ፦ ዱከም በሚገኝ የቆርቆሮ ሥራ ላይ ነኝ። በመጋረጃው ጎን አዲስ የጋልቫናይዝድ ላሜራ ክምር ስናስቀምጥ የመሞከሪያውን ዘንግ አንዳንዴ አያየውም። ክምሩን ስናነሣ ይድናል። መጋረጃው ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ መስታወት አስቀምጣችሁለታል። ጨረሩ በአንድ ቀጥታ መስመር ብቻ አይሄድም፤ ትንሽ ይሰፋል። የሚያብረቀርቅ ላሜራ በአጠገቡ ካለ ከዘንጉ ጀርባ ዞሮ፣ ነጥሮ ተቀባዩ ጋ ይደርሳል፤ መጋረጃውም “ምንም የለም” ብሎ ያምናል። አይነት 4 (ከፍተኛው የደህንነት ደረጃ) ለሆነ መጋረጃ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ያለው ርቀት እስከ 3 ሜትር ሲሆን ማንኛውም አብረቅራቂ ነገር ከጨረሩ መስመር ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ሁለቱ ከ3 ሜትር በላይ ከተራራቁ ይህም ያድጋል፤ መመሪያው ላይ ሠንጠረዡ አለ። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ቀቡና ክምሩ ከዚያ እንዳያልፍ አድርጉ።

ዘንግ መጠቀማችሁ ግን አስደስቶኛል። አብዛኛው ሰው በእጁ ነው የሚሞክረው። ዘንጉ ውፍረቱ በመጋረጃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ሊሆን ይገባል፤ በየፈረቃው መጀመሪያ በላኪው አጠገብ፣ በተቀባዩ አጠገብና በመሀል ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ቀይዋ መብራት በመሀል ብልጭ ብላ ከጠፋች ሥራ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ኦሃዮ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በሚያመርት ፋብሪካ የደህንነት ኮሚቴ አባል ነኝ። እዚህ የሚሉኝ በሰከንድ 63 ኢንች ነው። በአውሮፓው ደረጃ ግን 2000 ሚሊ ሜትር አየሁ። ማነው የተሳሳተው?

መልስ፦ እህቴ፣ 63 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 1600 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ይህን ቁጥር ያውቁታል። ያንቺው አገር ከመጀመሪያው በ1600 ይጀምራል፤ ያኛው በ2000 ጀምሮ ርቀቱ ግማሽ ሜትር ሲያልፍ ወደ 1600 ይወርዳል። አሜሪካኖቹ በዚህ የሚያተርፉ ይመስላል፤ ነገር ግን የፍሬኑን መልፈስፈስ በጊዜው ውስጥ ደምረው ያስባሉ። የሾልኮ መግቢያውንም በራሳቸው መንገድ ነው የሚያሰሉት፤ ለባለ 30 ሚሊ ሜትር መጋረጃ ወደ 3.1 ኢንች ይመጣል።

ከላይ ያለውን የገላን ፕሬስ ወስደሽ አስቢው። 0.22 ሰከንድ ላይ ለፍሬኑ መልፈስፈስ የ190ውን ሚሊ ሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ 0.038 ሰከንድ እንበል፣ ጨምሪ፤ በ63 ስታባዢው 16.25 ኢንች፣ ከ3.1 ጋር 19.3 ኢንች ገደማ። 49 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኛ ያገኘነው 50 ነበር። የፍሬኑን ጭማሪ ብትተዪው ግን ወደ 17 ኢንች፣ 43 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ማሽናችሁ ላይ የተለጠፈውን ርቀት ይዘሽ ይህ ጭማሪ ገብቶበት እንደሆነና የፍሬን መቆጣጠሪያው ፕሬሱን በስንት ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ላይ እንደሚያስቆመው ጠይቂያቸው።